ሙሽራዋ ገበያ ወጣች

አገርነሽ ኦይታ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። አላፊ አግዳሚውን በስሙ ትጠራለች፤ ሹፌሩን «አንተ፣ ትናንት ጠፍተህ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ቀኑን ነው የምትበላው!» ትለዋለች። ሰው አጠገቧ ከሌለ ምግብ አይወርድላትም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ምዕራብ ዓባያ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ከመጡት ጃፓኖች አንዱ፣ ዮሺዮ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ዓሣዋን ይበላ ጀመር። አማርኛን የተማረው ከቁፋሮ ሠራተኞች ስለነበር ወንዱንም ሴቷንም «አንተ» ነበር የሚለው። አንድ ቅዳሜ «አገርነሽ፣ አንተ በጣም ቆንጆ ነህ» ሲላት መናኸሪያው በሳቅ አውካካ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የዓሣውን እሾህ እየለቀመች ታቀርብለት ጀመር፤ ይህን ለማንም አድርጋ አታውቅም።

ተጋብተው ወደ አገሩ ወደ ጃፓን ሊሄዱ ሲወስኑ ትልቁ ዳገት ከአገር የመውጫ ፈቃድ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ጃፓን እኮ ካፒታሊስት አገር ናት» አሉ።

እናቷ ወይዘሮ ሣራ ለዚሁ ጉዳይ ከትውልድ ቀዬዋ ከገረሴ ወርደው ነበር። «ልጁ የሚቆፍረው ውኃ ነው» አሉ። «ውኃ ደግሞ ካፒታሊስት አለው እንዴ? እርስዎስ ቢሆን ጠጥተው የለም?»

ሊቀ መንበሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑና ፈረሙ። የእነ አገርነሽ ጸሎት ቤት በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ጋብቻው በቤት ውስጥ፣ ድምፁ በወረደ መዝሙር ተፈጸመ።

ከመነሳታቸው በፊት አገርነሽ ባሏን ቃል አስገባችው። «ሰው የማይገባበት ቤት ውስጥ አልኖርም። ካልሆነልኝ ትመልሰኛለህ።»

«እስከ ሩዝ አጨዳ ሞክር» አላት። «ያን ጊዜ እጠይቅሃለሁ። እንሂድ ካልክ፣ አብረን እንመለሳለን።»

ጃፓን ሲደርሱ የገቡት ባሕር አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ ነው። ዮሺዮም ለሥራ ገና የመጣባት ስለነበረች የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። ዕቃቸውን ባወረዱ ማግስት እሱ ወደ ተራራው ቁፋሮ ሄደ፤ የሚመለሰው በሳምንቱ መጨረሻ ነው።

አገርነሽ የምታውቀውን አደረገች። በገረሴ አዲስ ሰው ቤት ሲገባ ቀድሞ የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ አንዱ እንጨት ተሸክሞ፣ አንዷ ውኃ ቀድታ፣ ሌላዋ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ። የእንግዳው ድርሻ ቤቱን ጠርጎ፣ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው። እሷም ጠረገች፤ ጎመን ቀቀለች፤ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ ዳጣ አዘጋጀች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች።

ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ጎረቤቶቹ ሲያልፉ ወደ ተከፈተው በር አንዴ ያዩና አንገታቸውን ሰበር አድርገው እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። የገባው ትንኝ ብቻ ነበር። ጸደዩ እንዲህ አለፈ፤ ዝናቡ መጣ፤ ሩዙ አረንጓዴ ሆነ። አገርነሽ ከሳች።

አንድ ቅዳሜ ማታ ዮሺዮ ሳይነካ የቀረውን ሳህኗን አየና፣ «ለምን አትበላም?» አላት።

«ከማን ጋር ልብላ? የአገርህ ሰው እንኳን ደህና መጣሽ አይልም!»

«ሄደህ አልጠየቅካቸውም?»

«እኔ? እንግዳዋ እኔ አይደለሁም እንዴ! እንግዳ ነው ቤት ለቤት የሚዞረው?»

ዮሺዮ ግንባሩን በመዳፉ መታ። በእነሱ አገር የሚዞረው አዲስ የገባው ነው፤ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊትም ያሉትን በር አንኳኩቶ፣ ትንሽ ስጦታ ሰጥቶ፣ «ከእንግዲህ አደራችሁን» ይላል። ይህን መንገር ረስቷል። «አሁን ዘገየ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ንቀውናል ብለው ደምድመዋል። በምን ፊት እንሄዳለን?»

አገርነሽ ግን ብድግ አለች። የጭንቁ መውጫ ወለል ብሎ የተከፈተላት መሰላት። «ነገ የገበያ ቀን ነው አይደል? ገበያ እንወጣለን። በእኛ አገር ሙሽራ ገበያ ዞራ ለአገሬው ትታያለች፤ ሶፌ ይባላል። ከዚያ በኋላ አላየኋትም የሚል የለም። እኔ በጥድፊያ ስላገባሁ ለማንም አልታየሁም።»

ጠዋት ከሱቅ የገዛችውን ቅቤ ፀጉሯ ላይ ስትለድፍ ባሏ ጮኸ። «እሱ ለዳቦ ነው!»

«ታዲያ ያገባኸው ዳቦ ነው? ይልቅ ጃንጥላውን ያዝ።»

ገረሴ የተሸመነ ጥለታም ነጠላዋን ተከናንባ በወደቡ ገበያ ቀስ ብላ ዞረች። ዮሺዮ በሙሉ ልብሱ፣ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ጃንጥላውን እያጠለላት ይከተላል። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ፀሐይዋ ቅቤውን ታቀልጠው ጀመር። ሰው ሲያጎነብስላት እሷም ታጎነብሳለች፤ ባጎነበሰች ቁጥር ቅቤው ጠብ ይላል። አንድ ሽማግሌ ሮጠው ፎጣ አቀበሏት።

በመጨረሻ ከቤታቸው ቀጥሎ የሚኖሩት ዓሣ ሻጭ፣ ወይዘሮ ኦኩዳ፣ ቢላዋቸውን አስቀምጠው፣ «ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

ዮሺዮ ጃንጥላው እስኪዘቀዘቅ ድረስ አጎነበሰ። «ባለቤቴ ናት። በአገሯ ሙሽራ እንዲህ ትታያለች። መጥተን ሰላም ማለት ነበረብን፤ ያልነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ በሯን ከፍታ እስካሁን ስትጠብቃችሁ ነበር።»

«ስትጠብቀን?» ሴትየዋ አፋቸውን ያዙ። «እኛ እኮ በሩ ተበላሽቶ ክፍቱን የቀረ መስሎን፣ ጓዳዋን አይተን እንዳናሳፍራት ብለን ነው የምንሮጠው!»

ከዚያ ጠጋ ብለው ፀጉሯን አሸተቱ። «ቅቤ ነው?» አሉና ሳቁ፤ ገበያውም አብሯቸው ሳቀ። አገርነሽ የተባለው ባይገባትም ሳቁን ታውቀዋለችና ሳቀች።

ያን ዕለት ከሰዓት ወይዘሮ ኦኩዳ ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያንገራግሩ አገርነሽ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ዳጣውን ቀምሰው እንባቸው እስኪወርድ አሳላቸው፤ በማግስቱ ግን ዳጣ ሊያስጨምሩ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው መጡ። ቀስ በቀስ አመላቸው ሆነ።

ሩዙ ታጨደ። ዮሺዮ ከተራራው ሲመለስ በሩ ላይ እንግዶች ሲገቡ ያወለቁት የጫማ ክምር አገኘ፤ በጫማዎቹ መሃል መንገድ ፈልጎ ገባ።

«አገርነሽ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ትሄዳለህ ወይስ ትቀመጣለህ?»

«አሁን ይሄ ይጠየቃል?» አለች ከጓዳ። «ሰው ቆሞብኛል! መቀመጫ ትራስ አምጣ።»

ትራሶቹ አልበቁም። እሱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።