የልጅሽ ስም ማን ነው?

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ዛሬ እርጅና አበረደኝ እንጂ ያኔስ ምላሴ ሰው አያስቀርብም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው መጠለያ ከጎረቤቴ ጋር መጣላቴን ሳወራ ጥፋቱ የማን እንደነበር ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ ነው። ያች ሴት የበደለችኝ በደል የለም። ማለዳ ማለዳ የውሃ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

«የልጅሽ ስም ማን ነው?»

ልጄ ስም አልነበራትም።

የወለድኳት ስሰደድ ነው። ከበለሳ ተነስተን መተማ ሳንደርስ፣ ውሃው የደረቀ ወንዝ ዳር፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር። ባሌ አብሮኝ አልነበረም። እናቱ አልጋ ይዛ ስለነበር ጥሏት መምጣት አልሆነለትም፤ «አንቺ ከሰው ጋር ሂጂ፣ እኔ እሷን አፈር አልብሼ እደርስብሻለሁ» ብሎ ሸኘኝ። ምጡ ሲጠናብኝ የደብራችንን ማርያም ተጣራሁ። «ብቻ በሰላም ገላግይኝ፣ ልጄን ካንቺ ደጅ በቀር የትም ክርስትና አላስነሳም!» ብዬ ተሳልኩ። ገላገለችኝ። እንግዲህ ስለት ስለት ነው፤ ማርያምን ደግሞ ማን ደፍሮ ይዋሻታል?

በዚህ ላይ ለልጄ ሁሉም ነገር አገር ቤት የተሰናዳ ነበር። የቤት ስሟን የሚያወጣላት አባቷ ነው። የክርስትና ስሟን የሚሰጣት የደብራችን ቄስ ነው። ክርስትና እናቷም እዚያው የቀረችው እህቴ ናት፤ ገና በሆዴ ሳለች ተነጋግረን ጨርሰናል። የቀረን ነገር ቢኖር አገር መግባት ብቻ ነበር። እኔ እስከዚያው «እሙዬ፣ እሙዬ» እያልኩ አጠባታለሁ።

መጠለያው ውስጥ ሰው ሁሉ የሚኖረው ራኩባ በምትባል የጭድ ዳስ ነው። ጎረቤቶቼ ጭቃ አቡክተው ግድግዳቸውን ይመርጋሉ፣ ደጃቸውን ይጠርጋሉ፣ አንዷማ የዘይት ጣሳ ላይ ጤና አዳም ተክላ ውሃ ታጠጣ ነበር። ሳያቸው ይገርመኛል። አይ እቴ፣ ለነገ ሂያጅ ምን ቤት አለው! የኔን ራኩባ ንፋስ በወዲህ ገብቶ በወዲያ ይወጣል። ከድንበር ሎሪ በመጣ ቁጥር ልጄን አዝዬ ባሌን ፍለጋ እስከ በሩ እሮጣለሁ። የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ቆሜ አያለሁ፣ ከዚያ «እንግዲህ ነገ ነው» ብዬ እመለሳለሁ። ስጸልይም የምጸልየው ለነገ ነበር። ነገ ባሌ ይመጣል፣ ነገ ዝናብ ይጥላል፣ ነገ አገራችን እንገባለን። እምነቴ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ከተከዜ ወዲያ ማዶ የመጣች፣ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ የሚል፣ ረዘም ቀጠን ያለች ሴት ናት። የምትኖረው ብቻዋን ነው። ውሃ የሚመጣልን በታንከር ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ጀሪካናችንን ይዘን እንቆማለን፣ ሱዳናዊው ዘበኛም «ሰፍ! ሰፍ!» እያለ ያሰልፈናል። እሷ ሁልጊዜ ከፊቴ ናት። ዞር ትልና ጀርባዬ ላይ ያለችውን አይታ ትጠይቀኛለች። የመጀመሪያው ቀን «ገና ነው» አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ። በሦስተኛውም። አንድ ማለዳ ቆሽቴ አረረና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ቆርጦሽ ነው በልጄ የምትቀልጂብኝ?» ብዬ ጀሪካኗን በእግሬ አሽቀነጠርኩት። ሰልፉ ተረበሸ፣ ዘበኛው እየጮኸ መጣ። እሷ ጀሪካኗን አንስታ ከሁሉ ኋላ ሄዳ ቆመች። ሰዉ ታዘበኝ። እኔ ግን ይበላት ብዬ ደስ አለኝ። ወይ እልኸኝነት! በማግስቱ እንደገና ጠየቀችኝ።

ከኛ ጋር የተሰደዱ አንድ ቄስ ነበሩ። ቀን ቀን ከወጣቶቹ ጋር የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ቀኑ ስንት እንደሆነ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ የምናውቀው በሳቸው ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና፣ የኔዋ ሰማንያ የሞላት ዕለት መምሬ ጭቃቸውን ታጥበው፣ መስቀላቸውን ይዘው ደጄ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላጣሁትም።

«ልጄ፣ ቀኗ ደርሷል» አሉኝ።

«መምሬ፣ ስለት አለብኝ። ከማርያም ደጅ በቀር አላስነሳትም።»

«የትኛዋ ማርያም?»

«የደብራችን ናታ!»

ፈገግ አሉ። «እመቤታችን እዚያ ደብር ቁጭ ብላ የምትጠብቅሽ መስሎሻል? ልጇን አቅፋ በረሃ ያቋረጠች እናት ናት። ስደትን ለሷ ማን ይነግራታል? እዚሁ አብራን ናት።»

«ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ታቦት የለ፣ ቁርባን የለ!» ብዬ ደረደርኩላቸው።

«የጎደለው አገር ስንገባ ይሟላል። ለመሆኑ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ እንጀራ የምትለምኚው ለመቼ ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለዛሬ ነው። ግን እልህ ያዘኝና «ስለት ስለት ነው» አልኳቸው። መምሬ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ያን ቀን ስለቴን ጠበቅሁ ብዬ በራሴ ኮርቼ ዋልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነበር።

ኩፍኙ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ከራኩባ ራኩባ እየዞረ ሕፃናቱን አንድ በአንድ አስተኛቸው። ልጄ ተኮሰች፤ ዓይኗ ቀላ፣ ጡት መያዝ አቃታት። ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን ወሰድኳት። ፈረንጇ ሐኪም ክንዷን ለክታ፣ መድኃኒት አፏ ውስጥ ጠብ ጠብ አድርጋላት፣ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረችው። እሱም መሬት መሬት እያየ «በርቺ» አለኝ። ሰው መሬት እያየ በርቺ ሲላት እናት ነገሩን አትስተውም።

ከድንኳኑ ስወጣ አንድ ሎሪ በበሩ ሲገባ አየሁ። እግሬ እንደ ልማዱ ሊሮጥ ተነሳ፤ ከዚያ ቆምኩ። የልጄ ትንፋሽ አንገቴን ያቃጥለኛል። ገልጬ አየኋት። ግራ ቅንድቧ ውስጥ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ። ከተወለደች ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔ ገና ያኔ አየሁት። ሌላ ሰው ስጠብቅ፣ ሌላ አገር ሳስብ፣ ሌላ ቀን ስለምን፣ እሷ ሁሌም እዚሁ ነበረች። ብትሞትብኝ ያለ ስም፣ ያለ ፍትሐት ልትቀበር ነው። ለማርያም የገባሁት ቃል ለልጄ ጥፋት ሆነ ማለት ነው።

ለሎሪው ጀርባዬን ሰጥቼ በቀጥታ ጎረቤቴ ደጅ ሄድኩ። ሰፌድ ይዛ ዱራዋን፣ የሱዳኑን ማሽላ፣ ትለቅማለች።

«እህቴ» አልኳት። እንዲህ የከበደኝ ቃል አላውቅም። «መምሬን ልጠራ ነው። ለልጄ ክርስትና እናት ሁኝልኝ።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «አይሆንም» አለችኝ።

ጀሪካኑ ትዝ አለኝ። «በድዬሻለሁ። ይኸው እግርሽ ላይ ልውደቅ!»

«ለሱ አይደለም።» ሰፌዱን አስቀመጠች። «የኔዋም ሴት ነበረች። አባቷ ይድረስ ብዬ ቀኗን አሳለፍኩት። ድንበሩ ላይ፣ ሐምዳይት ሳንደርስ ሞተችብኝ፤ ያለ ፍትሐት ቀበርኳት። የራሷን ልጅ ያላስነሳች ሴት እንዴት አድርጋ ለሰው ልጅ እናት ትሆናለች?»

ማለዳ ማለዳ የምትጠይቀኝ ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፣ ልጄ በመካከላችን ታቃስታለች። በመጨረሻ «ካንቺ ሌላ ለዚህች ልጅ የተገባ ሰው የለም» አልኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ተነሳች።

መምሬን ከነጭቃቸው ከጉድጓድ አወጣኋቸው። «ነገ በማለዳ ብናደርገው፣ ልታጠብ፣ ልብሴንም...» ሲሉኝ፣ «መምሬ፣ ዛሬ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሳቁብኝ። ጭቃቸውን እዚያው ታጠቡና ተከተሉኝ።

ሳፋ ከሐኪሞቹ ድንኳን ተዋስን። ውሃው የጎረቤቴ ነው፤ ያን በእግሬ ያሽቀነጠርኩትን ጀሪካን አንስታ ሳፋው ላይ ገለበጠችው፣ ለራሷ የሚጠጣ እንኳ አላስቀረችም። መምሬ ጸለዩ። ጎረቤቴ ልጄን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ አገራችንም በዚያው በኩል ነው፣ ስለ ልጄ «አምናለሁ» አለች። ውሃው ሲነካት ልጄ ጮኸች። ያን ያህል ድምፅ ሦስት ቀን አልሰማሁባትም ነበር። ለማተብ የሚሆን ክር ስላልነበረን ጎረቤቴ ከነጠላዋ ጥለት ሦስት ክር መዝዛ ፈተለችና አንገቷ ላይ አሰረችላት። መምሬ ስም ሰጧት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለሚያውቋት ይቆይ።

ከዚያ በኋላ ልጄ አሥራ አንድ ቀን ኖረች።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃትና ጡት ያዘች። እኔም ጭቃ አቦካሁ። አዎ፣ ንፋስ እንዳይነካት ራኩባዬን መረግሁ፤ መምሬ ሲያልፉ አይተው «እሰይ! ቤት ያዝሽ?» ብለው ቀለዱብኝ። ጠዋት ስነሳ ስሟን እጠራለሁ፣ ሳጠባት እጠራለሁ፣ ሳጥባት እጠራለሁ። ማተቧን በትንሿ እጇ ጨብጣ ስትተኛ ሥራ ፈትቼ አያታለሁ። ሎሪ ሲመጣ አልሮጥም። ባሌን ጠልቼው አይደለም፤ ከመጣ ፈልጎ ያገኘኛል። ስጸልይም ጸሎቴ አጠረ። ያለችኝን ልጅ፣ ያለኝን ቀን ይዤ ተመስገን እላለሁ፣ የዕለቱን እንጀራ እለምናለሁ፣ በቃ። ሰው በረሃብ አገር ደስ አለኝ ሲል ነውር ይመስላል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሙሉ ለሙሉ የኖርኩት ግን እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ይመስለኛል።

ከዚያ ተቅማጡ መጣ፣ የዳነ ሰውነት አልነበራትምና አልቻለችውም። ጡቴን እንደያዘች አረፈች። መምሬ ፍትሐት ፈቱላት፤ ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ። እግዜርን አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ተቆጣሁት፣ ያውም በዚህ አፌ። ግን የተቆጣሁት እዚያው አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው ነው። ድሮ ሩቅ ነበር፣ ነገ ላይ ነበር። አሁን ስጮህበት ይሰማኛል።

በማግስቱ ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ። ሰው ሞተ ተብሎ ውሃ መቅዳት አይቀርም። ጎረቤቴ፣ አሁንማ አበልጄ፣ እንደ ወትሮዋ ከፊቴ ቆማለች። ዞር አለች። ጀርባዬ ባዶ ነው።

«የልጃችን ስም ማን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ከዚያ «ያንቺዋስ?» አልኳት። የልጇን የቤት ስም ነገረችኝ። ከቀበረቻት ወዲህ ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን ይህ ሆነ።

ባሌ የደረሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰው ጠይቆ ውሃ ሰልፍ ላይ አገኘኝ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ተቃቅፈን ስናበቃ ጀርባዬን አየ፣ ደረቴን አየ፣ ነገሩ ገባው።

«ምን ነበር?» አለኝ።

«ሴት።»

ዘበኛው «ሰፍ!» ይላል፣ ሰልፉ ፈቀቅ ይላል። ባሌ ፈራ ተባ እያለ፣ «ስምስ... ስም አግኝታ ነበር?» አለኝ።

ስሟ አፌ ላይ ነው፣ አልወጣ አለኝ። አበልጄ ከፊቴ ዞረች። በክርስትናዋ ቀንም በልጄ ፋንታ የመለሰችው እሷ ነበረች፤ አሁንም ስሟን ጮክ ብላ ነገረችው።

ባሌ ስሟን ቀስ ብሎ ጠራው። ከዚያ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብሎ በቦታዬ ተሰለፈ።