የአማከለች ኮሶ

ጓሳ ሣር ከሚበቅልበት ተራራ ግርጌ ባሉት ቤቶች ሆዱን የቆረጠው፣ ብርድ የመታው ወይም ምች ያገኘው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው አማከለች ደጅ ነበር። ፌጦውን ደቁሳ፣ ተልባውን ቆልታ በጥብጣ፣ ጦስኙን አፍልታ ትሰጣለች። ነጭ ሽንኩርትና ማር እንኳ ከእሷ እጅ ሲሆን ይበልጥ ያሽላል ይባል ነበር። ስሟን ያስጠራው ግን ኮሶዋ ነው።

ኮሶ መውቀጡን ማንም ይችላል፤ የሚከብደው መመጠኑ ነው። ከበዛ ዐይን ያፈዛል፣ የሞተም አለ። ካነሰ ደግሞ የኮሶ ትሉ ይበጠስና ራሱ፣ ጭንቅላቱ፣ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ እንደ ገና አድጎ ይመጣል። ስለዚህ አማከለች ከመበጥበጧ በፊት ሰውየውን ክንዱን ይዛ ታየዋለች፣ ሰሞኑን ምን እንደበላ ትጠይቀዋለች። ያረገዘች ሴት ከመጣች፣ «ሂጂ፣ ወልደሽ ነይ» ብላ ትመልሳለች። ዋንጫዋን የተቀበለ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይጨልጣል። ምን አደረግሽበት ብሎ የጠየቃት ኖሮ አያውቅም።

ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ የራሱ ክብር አለው። ያን ቀን ደጁ ይዘጋል። እንግዳ አይገባበትም፣ ለሥራም አይጠራም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ባለጉዳይ ሳይከፋው ይመለሳል። ዘመኑ ሲለወጥ ብዙ ነገር ተሻረ፤ ይህ ግን አልተሻረም።

አማከለችም የተከለለችው በዚሁ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ልጇ እምሩ ብቻ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ጀምሮ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ጎረምሳ እየለቀሙ ሲወስዱ ሁለት ጊዜ ከደጇ ደርሰው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ልጄ ኮሶ ጠጥቷል» ብላ መለሰቻቸው። በመጀመሪያው አመኗት። በሁለተኛው አንዱ ታጣቂ፣ «ይህ ልጅ ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ውሻ በጮኸ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ደጅ ታያለች። እምሩ ከጓዳ አይወጣም፤ ለሦስተኛ ጊዜ የምትለው ነገር አልነበራትም።

የሞላሌ ገበያ ቀን ነበር። ሰፈሩ ጭር ብሏል። አማከለች ከቤቷ ፊት የኮሶ አበባ ስታሰጣ የማኅበሩ ሊቀመንበር መኳንንት በጓሮ በኩል ብቅ አለ። ታጣቂ አላስከተለም፣ ጠመንጃም አልያዘም። እንዲህ ሆኖ መምጣቱ የባሰ አስፈራት።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አማከለች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በጓሮ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ያጥራል ብዬ ነው።»

በዚያ በኩል መንገዱ እንደሚረዝም ሁለቱም ያውቃሉ።

«ገበያ አልወረዱም?»

«ወገቤን አሞኝ ቀረሁ። እምሩን ጨው እንዲገዛ ልኬዋለሁ።»

መኳንንት ደጃፉ ላይ የተጣለውን የእምሩን በረባሶ አየ። «በባዶ እግሩ?»

አማከለች አበባውን ማገላበጥ ያዘች። መኳንንት ሳይጋበዝ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ቀነሰ።

«ትል አለብኝ። ኮሶ ይስጡኝ።»

ይኸኔ ልቧ የባሰ ፈራ። ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱን አጥቦ ትሉን እስኪያወጣለት ከጠጣበት ብዙ አይርቅም፤ ቤቷን ሊሰልል ነው የመጣው ብላ አሰበች። ደግሞም ሆዱን እንደታመመ ሰው አልከሳም።

«ባለቤትዎ አትበጠብጥልዎትም? እናቷ አዋቂ ነበሩ እኮ።»

«ወንድሟን ካስያዝኩባት ወዲህ ከእጇ ውሃም አልጠጣም።» እንደ ቀልድ ሊለው ነበር፤ አልሆነለትም።

«ከማዶ የወዳጆ ሚስት አለች።»

«የወዳጆ ልጅ ሄዷል። የጎረቤትዎ የይዘንጋሽም ሄዷል። ኮሶ የሚያውቅ ቤት ሁሉ ልጅ ተወስዶበታል። የእርስዎ ብቻ ነው የቀረው።» አንገቱን ወደ ቤቱ ውስጥ አዙሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የእርስዎ ልጅ ጨው ሊገዛ ነው የሄደው።»

ከጎታው ጀርባ አንድ ነገር ኮሽ አለ። መኳንንት እንዳልሰማ ሆነ።

«እኔ አንድ ነገር ብሆን በቦታዬ የሚሾመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እዚህ ነው» አላት። «ይህን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከእርስዎ እጅ ብጠጣ አልሰጋም።»

ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ደግ ናት ብሎ አይደለም ያመናት። ልጇ ገና በመዳፉ ውስጥ ስላለ ነው።

«ነገ ማለዳ እህል ሳይቀምሱ ይምጡ» አለችው።

በማግስቱ አበባውን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ለአንድ ጎልማሳ የሚበቃውን እፍኝ ጣሳ ውስጥ ጨመረች። ውሃውን ከማፍሰሷ በፊት ግን እጇን ገታች። ደህና አድርጋ ከሰጠችው ትሉ ከነራሱ ይወጣል። ከወጣለት ለምን ይፈልጋታል? የሚቀጥለው የወታደር ኮታ ሲመጣ የዛሬዋን ዋንጫ ያስታውሳል? እንዲህ ያለ ሰው የሚያስታውሰው ሆዱ ሲያስታውሰው ብቻ ነው። ከዱቄቱ ግማሹን መልሳ ወደ ቅሉ አደረገችና ቀጠን አድርጋ በጠበጠችው። ኮሶ መስጠት ከጀመረች እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም።

መኳንንት በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። አፉን በክንዱ ጠረገ።

«የእናቴ ከዚህ ይመር ነበር።»

«አበባውን ዝናብ መትቶታል።»

ዐይኑን ከእሷ ሳይነቅል ዋንጫውን መለሰላትና፣ «ይሆናል» አለ።

አውቆባት እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቀችም። ደህና ሰነበተ፤ ሁለት ወር ሲሞላ በዚያው በጓሮ ተመልሶ መጣ። «የትሉ ራስ ቀርቷል መሰለኝ» አለችው። «ቀርቷል» አላት። ዳግመኛም አቅጥና በጠበጠችለት። ኮታው መጣ፤ ታጣቂዎቹ በደጇ አልፈው ሌላ ቤት ገቡ። እምሩ ከጓዳ ወጣ፣ እርፍ ጨበጠ፣ በጠራራ ፀሐይ ያርስ ጀመር። መኳንንት ግን በመጣ ቁጥር የእሷን ፊት ያጠናል፣ እሷም የእሱን። አንዳንዴ ምንም ትል የሌለበት፣ እሷን በዐይነ ቁራኛ ለመያዝ ብቻ የሚመላለስ ይመስላታል።

መንደሩም አየ። እሷ ስትደርስ ጨዋታ ይቋረጣል። ለፌጦና ለጦስኝ የሚመጣው ሰው ቀስ በቀስ ቀረ፤ አግኝታ ስትጠይቀው «ተሻለኝ» ይላታል። አንድ ቀን ምንጭ ወርዳ ጎረቤቷን ይዘንጋሽን አገኘቻት። ጉንጯ ገብቷል፣ ቀለሟ ጠፍቷል።

«ኮሶ ታይቶሻል መሰለኝ» አለቻት አማከለች። «ነገ ጾመሽ ነይ።»

«ከተማ ኪኒን ይሰጣል አሉ። እወርዳለሁ።»

«አንቺ ነሽ ኪኒን የምትውጪው? ስንት ዘመን ከኔ እጅ ጠጥተሽ?»

«ጠጥቻለሁ።»

«አሁን ምን አየሽብኝ?»

«ምንም። በጓሮ የሚገባ ሰው መች ይታያል?»

አማከለች እንስራዋን መሬት አስቀመጠች። «ልጄን ነው ያተረፍኩት፣ ይዘንጋሽ። ያንቺን እኔ አላስያዝኩትም።»

«አላልኩም።»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ይዘንጋሽ እንስራዋን ተሸክማ ገመዱን ደረቷ ላይ አጠበቀች።

«አንቺ ያደረግሽውን አደርግ ነበር» አለች። «የሚያሳድደኝን ሰው እያስታመምኩ፣ ልጄን ከቤቴ አቆይ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት የበጠበጠችውን ግን እንዴት ብዬ ልጠጣ? ኪኒኑ የሚደብቀው ልጅ የለውም።»

ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ። አቀበቱን ቀስ ብላ ወጣች።

አማከለች ስትመለስ እምሩ እያፏጨ ሲያርስ ሰማችው። ጥቂት ቆማ አየችው፤ ከዚያ ወደ ኮሶው ዛፍ ሄደች። የዚያ ዓመት አበባ ቅርንጫፉን እስኪያጎብጥ ድረስ በዝቶ ነበር። ያወረደችው በጓሮ ለሚመጣው ለአንዱ ሰው የሚበቃውን ብቻ ነው።