ቅሬታ የማስገቢያ አስር ቀን

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴ ወንበር ይነቃነቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡንና አዲስ መዋቅር መጣ አሉ። የቢቸናና የሞጣ ቅርንጫፎች የሰው ሀብት ክፍሎች ተጠቃለው ሞጣ ላይ አንድ ይሆናሉ። ወጪ ለመቀነስ ነው፣ ለስትራቴጂውም ያግዛል ተባለ። ስትራቴጂው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቢቸና የሚወሰደው አንድ ሰው ነው፣ ሌላው ተንሳፋፊ ይሆናል። ተንሳፋፊ ማለት መደብ ሳይኖረው ይቆይና ቦታ ካልተገኘለት ይሰናበታል።

እኛ የቢቸናው ክፍል ውስጥ ደግሞ ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና ጋሼ። ጋሼ የምላቸው ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት የቀራቸው የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ልጄን ስወልድ የኔን ድርሻ ደርበው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ግን አላምናቸው አልኩ።

ስልካቸው ሲጠራ እየተነሱ ግቢ ይወጡ ጀመር። ድሮ እኮ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ነው ቢሮው እስኪናወጥ የሚያወሩት! እኔም መስኮቱን ገርበብ አድርጌ፣ ጆሮዬን ቀስሬ እቆማለሁ። ሞጣ ሲሉ ሰማሁ። አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ሲሉም ሰማሁ። ከዚያ አንድ ዓርብ ፈቃድ ወስደው ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ከሞጣ ክፍል አንዷ ለሌላ ጉዳይ ደውላልኝ፣ በወሬ መሀል ጋሼን እዚህ አየኋቸው ብላ ጣል አደረገች። ድልድሉን የሚሠራው ኮሚቴ የሚቀመጠው ሞጣ ነው። አሃ፣ አልኩ በሆዴ። ሰኞ ሲመጡ፣ ዓርብ ጠፉብኝ ብላቸው፣ ትንሽ ጉዳይ ነበረችኝ ብለው ወሬ ቀየሩ።

በዚያው ሳምንት የነጥብ ቅጹ መጣ። በየስድስት ወሩ ባልደረባ ለባልደረባው ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። እኛ ቢሮ ማንም ማንንም እንዳያስቀይም ሁላችንም ለሁላችንም ዘጠና አምስት ሞልተን፣ ፖስታውን አሽገን እንገላገላለን። የዘንድሮው ግን ለድልድሉ ይያዛል ተባለ። እንደ ልማዳችን ዘጠና አምስት ብሰጣቸው በአገልግሎት ዘመን እንደሚበልጡኝ መመሪያውን አንብቤ አውቃለሁ። እሳቸውማ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጥተው እኔን መጣላቸው አይቀርም፤ አለዚያ ሞጣ ድረስ ምን ወሰዳቸው? ሰባ ሞላሁ። ፖስታውን አሽጌ ሰጠሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ እኔ ተመደብኩ፣ ጋሼ ተንሳፋፊ ሆኑ። ሰው ሁሉ ሲያጽናናቸው እኔ ፋይል የማገላብጥ መስዬ አቀረቀርኩ። ወደ ጠረጴዛዬ መጡና ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አስቀመጡልኝ።

"ሞጣ ቤት አግኝቼልሻለሁ" አሉኝ። "የአክስቴ ልጅ ግቢ ነው፤ ውሃ አለው፣ ለልጅሽም ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ማናችን እንደምንሄድ ስላላወቅሁ ለሁለታችንም የሚሆን ነበር የፈለግሁት። ቀድሞ ማውራት ሟርት ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

ወረቀቷን ተቀበልኩ። ያን ጊዜም ልቤ አልተኛም፤ ይህ ደግሞ ምን ይሆን እያልኩ ፊታቸውን እሰልል ነበር።

በሳምንቱ ሞጣ ሄጄ ጋሼ ባገኙልኝ ቤት ገባሁ። ቢሮ ስገባ የሁለቱም ቅርንጫፎች ማኅደሮች በካርቶን ታጭቀው ጠበቁኝ፤ መደርደሩ የኔ ሥራ ነው። ከራሴ ማኅደር ውስጥ ጋሼ ለኔ የሞሉት ቅጽ ወጣ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ዘጠና አምስት ይላል። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ስልኬ ጠራ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ጋሼ፣ "ቅሬታ ማስገቢያው አስር ቀን ነው፤ ነገ ያበቃል። ካስገባሁ ማኅደሬን አውጥተው እያንዳንዱን ነጥብ ያሳዩኛል አሉ። መመሪያውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ላስገባ ወይስ ልተወው?"

ያውቁ ይሆን? ድምፃቸው ውስጥ ነገር ፈለግሁ፤ ምንም የለም፣ የሁልጊዜው ድምፃቸው ነው። ምክንያት ያልተጻፈበት ዝቅተኛ ነጥብ በቅሬታ ስለሚሰረዝ፣ ቢያስገቡ ቦታው የሳቸው እንደሚሆን አውቃለሁ። ማን ሰባ እንደሰጣቸውም ያያሉ።

"ይተዉት ጋሼ" አልኳቸው፤ "ልፋት ብቻ ነው።"

"እሺ፣ አንቺ ካልሽ" አሉና ቤቱ ተስማምቶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ተስማምቶኛል አልኳቸው።