ሐዲድ የሌለው ባቡር

በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ሬዲዮው የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚሄደው መናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው የኢተፋ ገመዳ ሱቅ ነበር። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጃፍ ቆሞ ያወራል። ደንበኛው አዲስ የባትሪ ድንጋይ ሲያስገባ የሞተውን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ኢተፋም «ነገ እጥለዋለሁ» እያለ ክምሩ በሩን አላስከፍት ብሎ ነበር። ዛሬ ያንን ሰፈር የሚያስታውሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ያንን ክምር ነው፤ ያነሱና ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት ግን ኢተፋን ያሳሰበው ሬዲዮ አልነበረም፣ አባቱ ናቸው። አባ ገመዳ ዕድሜያቸውን የፈጁት በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። እጀታው የረዘመ መዶሻ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሐዲዱን እየመቱ ወደ ወለንጪቲ ይወርዳሉ። የላላ ብሎን በድምፁ ብቻ ያውቃሉ። ጡረታ በወጡ ማግስት ደግሞ ሚስታቸው እማማ ጉዲቱ ሞቱባቸው። ከተዝካሩ ወዲህ አባ ገመዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሐኪሙ እግራቸውን አገላብጦ አየና «እግራቸው ደህና ነው። እንዲህ እንደተኙ ከቀሩ ግን አይቆዩላችሁም» አለ።

ሽማግሌ ተልኮ ለመናቸው። ሶደሬ ፍል ውኃ ልውሰድዎት አላቸው ኢተፋ። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነበር። «ተነስቼ የት ልሂድ? የእኔ መንገድ አልቋል።»

ኢተፋ አባቱን በምን እንደሚያስነሳቸው ሲያወጣ ሲያወርድ አንድ ነገር ትዝ አለው። ድሮ አንድ ሬዲዮ ጠዋት ደህና ዘፍኖ፣ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ እየጮኸ አስቸግሮት ነበር። ሲከፍተው ድምፅ የሚያጎላው ትንሹ የመስታወት ዕቃ፣ ትራንዚስተሩ፣ ጥቁር ቀለሙ ተልጦ ብርሃን እየገባው ኖሯል። ዕቃው እንደ ዓይን ያያል ማለት ነው። እንግዲያው ዓይን ካለው መንገድም ይከተላል አለ ኢተፋ፤ ለአባቱም ሐዲድ የማያስፈልገው ባቡር ሊሠራላቸው ቆረጠ።

የሁለት ትራንዚስተር ቀለም በምላጭ ፋቀ። ከተበላሹ ቴፖች ሁለት ሞተር ፈታ፣ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ጎማ አበጅቶ ትንሽ ጋሪ ሠራ፣ ከፊት የእጅ ባትሪ አምፖል ሰካ። አምፖሉ ወለሉን ያበራል፤ ሁለቱ ዓይኖች መስመሩን መሐል አድርገው የሚመለሰውን ብርሃን ይጠብቃሉ። ነጭ ሲያዩ ሞተሮቹ ይሄዳሉ። አንደኛው ዓይን ጥቁር ላይ ሲወጣ በዚያ በኩል ያለው ሞተር ይቆምና ጋሪዋ ወደ መስመሩ ትታጠፋለች። ይኼን ሁሉ ለአባቱ ጀርባ አስረዳ።

«ሐዲድ የሌለው ባቡር የት ይደርሳል?» አሉ አባ ገመዳ ሳይዞሩ።

ኢተፋ የቤቱን ሲሚንቶ ወለል ኖራ ቀባ። ሚስቱ ሽታዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ግድግዳ ኖራ ሲቀባ አውቃለሁ። ወለል ሲቀባ ገና ማየቴ ነው» አለችው። እሱ ነገሯን ከመጤፍ አልቆጠረውም፤ የብዕር ቀለም በብሩሽ እየነከረ፣ ከደጃፉ እስከ አባቱ አልጋ ጥቁር መስመር አሰመረ። ከዚያ አባቱን ለምኖ፣ እጃቸውን ይዞ አዞራቸው።

ጋሪዋ ተንቀሳቀሰች። መስመሩ ሲታጠፍ እሷ አልታጠፈችም። ያን የመሰለ ጥቁር መስመር እንደሌለ ሁሉ ረግጣው አለፈችና ከግድግዳ ተላተመች። አባ ገመዳ «ብዬህ ነበር» ብለው ተመለሱ፤ ያን ቀን እራታቸውንም አልበሉም። ኢተፋ ያፈረው በጋሪዋ አልነበረም። ያዞራቸው እሱ ነውና፣ ዳግም እንዳይዞሩ ያደረግኩት እኔ ነኝ ብሎ አዘነ።

ሽቦውን ሁሉ ፈትቶ አሰረ፤ ምንም እንከን የለውም። መስከረም ሲጠባ ሽታዬ ጆንያ ይዛ ሱቁ መጣች። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት የክፍሏን ሰሌዳ የምታጠቁረው የሞተ ባትሪ ድንጋይ ሰብራ፣ ውስጡን ፈጭታ፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሳ ነው። ከክምሩ ጆንያዋን ሞልታ ቤት ወሰደች፤ ፈጭታም በሳፋ በጠበጠችው። ሳፋውን ይዛ ስታልፍ ከጥቁሩ በኖራው ወለል ላይ ጠብ ጠብ አለ። ኢተፋ ጋሪዋን እየሞከረ ነበር። ጋሪዋ ጠብታው ዘንድ ደረሰችና አንገቷን ሰበር አድርጋ ታጠፈች።

ኢተፋ ብድግ አለ። «ሽታ፣ ሳፋውን ወዲህ በይ!»

በኋላ እንደተረዳው፣ ዓይኖቹ ይበልጥ የሚያዩት ሰው የማያየውን፣ ከቀይ በታች ያለውን የአምፖሉን ጨረር ነው። የብዕር ቀለም ለእኛ ይጥቆር እንጂ ለዚያ ጨረር እንደ መስታወት ነው፤ አልፎት ኖራው ላይ ደርሶ ይመለሳል። የባትሪው ዱቄት ግን ውጦ ያስቀረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ነገ እጥለዋለሁ ሲል የኖረው ክምር ነበር መድኃኒቱ።

ባልና ሚስት ተንበርክከው በቀለሙ ላይ የባትሪውን ጥቁር ደረቡበት። ሲደርቅ ኢተፋ ጋሪዋን ከደጃፍ ለቀቃት። ይህን ጊዜ አባቱን አልለመነም። ጋሪዋ እያጉረመረመች መጀመሪያውን መታጠፊያ ታጠፈች፣ ሁለተኛውንም። አባ ገመዳ ድምፁን ሰምተው በክርናቸው ተደግፈው ዞሩ። ጋሪዋ አልጋው ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ከመስመሩ ወጣችና ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ኢተፋ ሊያነሳት ሮጠ።

«አትንካት» አሉ ሽማግሌው። «ባቡሩ ምንም አልሆነም። ካራን ጪቴ፣ መንገዱ ተቆርጧል። መስመሩ እዚያ ጋ ተበጥሷል።»

«ኧረ አባባ፣ ጥቁር እኮ ነው፤ ይኸው ይታያል።»

«ሐዲድ በዓይን አይታመንም።»

ብርድ ልብሳቸውን ገፈፉ። እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፣ ሽታዬ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። እንደምንም ተንበርክከው መስመሩን በጣታቸው ኳ ኳ እያደረጉ ሄዱ፤ የልማድ ነገር ነው። አንድ ቦታ ቆሙ። ጥቁሩ ሳይደረብበት የቀረ፣ የብዕር ቀለም ብቻ ያለበት ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ነበር። ጣታቸውን ሳፋው ውስጥ ነክረው ደፈኑት፣ እስኪደርቅም እፍ አሉበት። ከዚያ ቀና ብለው ቆሙና ባቡር እንደሚያሳልፍ ሠራተኛ እጃቸውን ዘረጉ።

«አሁን አሳልፋት።»

ኢተፋ እንባውን በክንዱ ጠርጎ አሳለፋት።

አባ ገመዳ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ። በየጠዋቱ መስመራቸውን ሳይፈትሹ ቁርስ አይቀምሱም፤ ሰፈርተኛው «አባ ገመዳ ሥራ ገቡ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ያረፉ ዕለት ጎረቤቶች ለለቀስተኛው ቤቱን ሊያሰናዱ ገቡ። አንዷ ባልዲና ብሩሽ ይዛ በመስመሩ ላይ ልትጎነበስ ስትል ሽታዬ እጇን ያዘቻት።

«እሱን ተዪው» አለቻት። «አባባ ሳይፈትሹት አይነካም።»