ስሙን ያልጠራሁት ኮከብ

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ የምናገረው የሚያውቁኝን ሰዎች ፊት ማየት ስለምፈራ ነው።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ደሴ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ቢስቲማ አካባቢ ሰዎች ፀሐይ ስትገባ ከተራራው በላይ ቀለሙን የሚለዋውጥ ብርሃን እንደሚያዩ፣ ተሰብስበውም እንደሚጠብቁት ተሰማ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከእኔ ጋር ሦስት ነበርን፤ ሰብሳቢያችን የፀጥታ ሰው ነበር።

ብርሃኑን መጀመሪያ ያየው ሰይድ የሚባል ገበሬ ነበር። በቀድሞው ጦር ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ እንደነበረ ሰብሳቢያችን ሲሰማ፣ ስለ ሰማዩ መጠየቁን ተወ።

"ምልክት የምትሰጠው ለማን ነው?" ይለው ጀመር።

"ወላሂ፣ ያየሁትን ነው የተናገርሁት" አለ ሰይድ። "እስቲ እርስዎም ቆመው ይዩት።"

ቆመን አየን። እኔ ወዲያው አወቅሁት። ቬነስ ነበረች፤ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስላት ቬነስ። ወደ ተራራው ጫፍ ዝቅ ስትል ጭጋጉ ቀለሟን ይለዋውጠዋል፤ የምትሮጥ የሚያስመስላት ደግሞ ደመናው ነው። አወቅሁ። አውቄም ዝም አልሁ።

ለምን? ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ "መምህር፣ ይሄ ሰው ንጹሕ ነው ብለህ ትፈርማለህ?" ሲለኝ፣ አንተስ የማን ወገን ነህ ያለኝ መሰለኝ። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። እኔም ሰይድን ጠረጠርሁት። ሲናገር መሬት መሬት ያያል። ሰው ሁሉ ለምን እሱን ይከተላል? ኮከቡስ ኮከብ ነው፣ ሰውየውስ? አልሁ በልቤ። ከዚያም "ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ፈረምሁ። በማግሥቱ ሰይድ ታሰረ።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ቬነስ በእነዚያ ቀናት በየምሽቱ ወደ ፀሐይ እየተጠጋች ነበር። ሰይድ በታሰረ በሁለት ሳምንቱ ከምሽቱ ሰማይ ጠፋች። እንደምትጠፋ አውቅ ነበር። ሰብሳቢያችን ጠረጴዛውን መታና "አያችሁ? ሰውየው ሲታሰር መብራቱም ቆመ!" አለ።

እኔ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚያው ሰሞን የሰይድ እናት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ እንዲገኝ አልተፈቀደለትም። ይህን ሰምቼም ዝም አልሁ።

አፌን ያስከፈተኝ ሕሊናዬ እንዳይመስላችሁ። ብርሃኑ ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ በኩል ብቅ አለ፤ አይቶ የደነገጠው ደግሞ ኮምቦልቻ የሚኖረው የሰብሳቢያችን አለቃ ነበር። አለቃን ማን ይጠረጥራል? ያን ጊዜ አንድ ገጽ ጻፍሁ፤ ታየ የተባለው ብርሃን ቬነስ የተባለችው ፕላኔት ናት፣ በምሽትም በንጋትም የታየችው እሷው ናት የሚል። ብዙ መርምሬ ገና ያን ቀን የደረስሁበት አስመስዬ ነው የጻፍሁት። ተመሰገንሁ። ሰይድም ተፈታ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ፈልጎ አገኘኝ። ከስቶ አንገቱ ቀጥኗል። ሁለቱን እጆቼን ያዘና፦

"መምህር፣ እርስዎ ባይደርሱልኝ እዚያው እቀር ነበር። አላህ ይውደድዎ። እናቴ ብትኖር በዱዓዋ ታስብዎ ነበር" አለኝ።

እኔም "አሜን" አልሁ።

አሜን! ሰይድ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ይቅርታ የምለምነው ሰው የለኝም፤ እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም። ኮሚቴው ፊት ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። ፒያሳ ላይ ግን ማንን ፈራሁ? እዚያ ፊት ለፊት የቆምነው እኔና ሰይድ ብቻ ነበርን።