ከምግብ በኋላ፦ ከሁለት ተማሪዎቼ ጋር ወደ ጉለሌ ዳገት

ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከፒያሳ በጋሪ ተነሳን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አብረውኝ ያሉት ታምራትና ጥሩወርቅ፣ የጃንሆይ ፎቶ በተሰቀለበት መድኃኒት ቤት ሥራውን የማስተምራቸው ወጣቶች ናቸው። የምንሄደው እትዬ ጫልቱ ዘንድ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይሸጣሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸዋል። የወር ክኒናቸው ወሩ አልቆም አላለቀም።

ታምራት «ቸልተኛ ናቸው» አለኝ።

«እስቲ ቤታቸው ሄደን እንጠይቃቸው» አልኩት።

ሁለት ሰዓት

ዳገቱ ሥር ባለጋሪው አወረደን። «ከዚህ በላይ ፈረስ አይወጣም፤ ሰው ብቻ ነው የሚወጣው» አለ። ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ከጭነታቸው ሥር ጎብጠው የሚወርዱ ሴቶች።

ሦስት ሰዓት ገደማ

እትዬ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያለቻቸውን አንዲት በርጩማ ለእኔ ሰጡኝ።

ታምራት ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ክኒኑን ለምን አቋረጡ?» አላቸው።

«አላቋረጥኩም ልጄ። አንተ እንዳልከኝ ነው የምውጠው።»

«በቀን ሦስት ጊዜ ነበር ያልኩዎት።»

«ከምግብ በኋላ አልከኝ። እኔ የምበላው ማታ ነው፤ ማታ እውጣለሁ።»

የተናገሩት ያለ ቅሬታ ነው። ጥሩወርቅ አጠገባቸው ተቀምጣ በኦሮምኛ ስታናግራቸው ግን ብዙ አወሩ። የጠዋቱ ቁራሽ ተማሪ ቤት ለምትውለው ልጃቸው ነው። አንድ ቀን በባዶ ሆዳቸው ውጠው ተራራው ላይ አስመለሳቸው፤ ከነሸክማቸው ወደቁ። ጥሩወርቅ ይህን ስትነግረን እጃቸውን ይዛ ነበር።

በመልስ ጉዞ ለሁለቱ ልሰጣቸው ያሰብኩትን ትምህርት ተውኩት። ታምራት ቁልቁለቱን ከፊታችን ቀድሞ ወረደ።

ሰባት ሰዓት፣ ከተማ

በቀጥታ ክኒኑን ያዘዘላቸው ሐኪም ዘንድ ገባን። ታምራት ቀድሞኝ ተናገረ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው ዶክተር። ምን እንደሚበሉ ሳልጠይቅ ነው የሰጠኋቸው።» ሐኪሙ ለሕፃናት ከሚታደለው የዱቄት ወተት ለእሳቸውም ከክኒኑ በፊት የሚጠጡት እንዲሰጣቸው ፈረመ። ይህን ስጽፍ ክኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ መውሰድ ከጀመሩ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ሳሉ ቀንሶላቸዋል።

ከዳገቱ በተመለስንበት ቀን ከሰዓት በኋላ ታምራት መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ላይ ነበር። ከዘራ የያዙ አዛውንት የሐኪም ወረቀታቸውን ዘረጉለት። መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ከመስጠቱ በፊት ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀን ላይ የሚቀምሱት ነገር አለ?»

አዛውንቱ ዞር ብለው ሰልፉን አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው በጆሮው መለሱለት።