የአጥሩ ቅጠል

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም በእግር ግማሽ ቀን በምታስኬድ አንዲት የገጠር ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ተመደብሁ። የኩታበር ልጅ ስለሆንሁ ደጋው አልከበደኝም። የከበደኝ ብቻዬን መሆኔ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሲያልቅ ደግሞ ወር የሚጠበቅ ፋሻ።

በዚያው ዓመት ማረሻ ቅልጥሙን የመታው አንድ ገበሬ መጣ። ቁስሉ ሁለት ወር አልፎታል። ዙሪያው ቀልቶ አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ መሐሉ ይመግላል። አጥቤ፣ መርፌ ወግቼ፣ አስሬ እሸኘዋለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ቁስል ይዞ ይመለሳል። በኋላ ጭራሽ ቀረ። ጎረቤቶቹን ብጠይቅ፣ «ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት እናት ዘንድ ነው የሚታከመው» አሉኝ።

ተናድጄ ሄድሁ። ቁስል ላይ አፈር ሲለጥፉ የማገኛቸው መስሎኝ፣ የምናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድቼ ነበር።

ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ገበሬው እግሩን ገበቴ ላይ ዘርግቷል። «ቢስሚላህ» ብለው፣ ቅጠል ተቀቅሎበት የቀዘቀዘ ቡናማ ውኃ ቁስሉ ላይ ቀስ እያደረጉ ያፈሳሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እብጠቱ ጎድሏል። ከዳር ዳር ንጹሕ ሥጋ መውጣት ጀምሯል። ያሰናዳሁት ንግግር ጠፋብኝ። ማሰሪያውን ሳይ ግን ምላሴ ተመለሰ፤ ያደፈ ጨርቅ ነበር።

«እናቴ፣ በዚህ ካሰሩት እኮ ያመረቅዛል።»

«ያለኝ እሱ ነው። ያንቺስ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ምን ፈየደለት?» አሉና ቀና ብለው እጆቼን ፈለጉ። በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኛቸው ነበር። «እስቲ አምጪ።»

አፈርሁ። ዕቃና ወለል በበረኪና ሳጥብ ከርሜ ጣቶቼ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል፤ ሲያሳክከኝ ይውላል። ራሷን ሳታድን ሰው ልታድን መጣች እንዳይሉኝ ከበሽተኛ ሁሉ እደብቃቸው ነበር። እሳቸው ግን ከጓሮ እሬት ቆርጠው፣ ቢጫውን ውኃ አንጠፍጥፈው ጣሉና ውስጡን ነጩን ዝልግልግ ጣቶቼ ላይ ቀቡ። ከስንት ጊዜ በኋላ እጄ በረደልኝ።

«በረኪናውን በባዶ እጅሽ አትንኪ» አሉኝ። «እሱን ካልተውሽ እሬቱ ብቻውን አያድንሽም።»

እዚያው ደጃፍ ላይ ተስማማን። ማጠቢያው ከእሳቸው፣ ፋሻው ከእኔ። አዲስ የቆሰለ ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ ለመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወደ እኔ ይልካሉ። ትኩሳት ያለውንም አያቆዩም። ገበሬው ጤፉን ያጨደው በሁለት እግሩ ቆሞ ነው።

ቅጠሉ ምን እንደሆነ ግን ወራት አለፉ፣ አልነገሩኝም። አንድ ጠዋት ፋሻ ላደርስ ብሄድ እጄን ይዘው ወደ አጥራቸው ወሰዱኝ። ክትክታ! ፍየል እንኳ የማይቀምሰው፣ ሰው ሁሉ የሚያጥርበትና የሚማግደው ክትክታ።

«ምነው እስከዛሬ ደበቁኝ?» አልኋቸው።

«በየአጥሩ ያለ ነገር መሆኑን ካወቁ ማን ያምነዋል? ያንቺስ መርፌ ከሩቅ ባይመጣ ማን ክንዱን ይሰጥሽ ነበር?» ብለው ሳቁ።

ከዓመታት በኋላ ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ ያንን ቅጠል አድርቄ ይዤው ሄድሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በአልኮል ዘፍዝፌ፣ ጭማቂውን ጀርም በዘራሁበት ሳህን ላይ ጠብ አደረግሁ። በማግስቱ ሳየው ጠብታው ያረፈበት ዙሪያ ጥርት ብሏል፤ አንድም ጀርም አልበቀለበትም። ቆሜ አለቀስሁ።

ለእረፍት ስመለስ ሮጬ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «አልሐምዱ ሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «እብጠቱንስ? መቅላቱንና መሞቁን የሚያበርደው የትኛው እንደሆነ አየሽ?»

«አላየሁም» አልኋቸው።

«እንግዲያ ገና ነሻ።»

እውነታቸውን ነበር። መምህሬም በኋላ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ካሉት ብዙ ውህዶች ብግነትን የሚያበርደው የቱ ነው? ይኸው ጥያቄ ሥራዬ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ግን ያን ዕለት ጊዜ አላጠፉም። ማጭዳቸውን አንስተው አንድ ጆንያ ቅጠል ሞሉልኝ። ሥሩን ሳይነኩ ጫፍ ጫፉን ነበር የሚቆርጡት።

መካነ ሰላም ላይ የአውቶቡሱ ረዳት ጆንያውን ጣሪያ ላይ ሲሰቅል፣ «እህቴ፣ ማገዶ አዲስ አበባ ጠፋ እንዴ?» አለኝ።

«መድኃኒት ነው» አልሁት፤ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ።